ነቀርሳ ሥር ሳይሰድ ለማወቅ ፤ የሐኪም ዐይንና የኮምፒዩተር እርዳታ



ዛሬ ልናብራራላችሁ የተነሣንበት ጉዳይ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚነገር ፤ በአደባባይ ግን ስሙን መጥራት እንኳ እንደ ነውር የሚቈጠር ጉዳይ ነው። ይኸውም የጡት ነቀርሳ ፤ በተለመደው አጠራሩ የጡት ካንሰር ነው። በሽታው እናትን ከልጆቿ ፤ ሚስትን ከባሏ ፤ ሠራተኛን ከሥራ ባልደረቦቿ የሚለይ ክፉ ጠላት ስለ ሆነ ፤ ስለ እርሱ በግልጽ መነጋገር ነውር ሊሆን አይገባም። እንዲያውም አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ የተናገሩት ለዚህ ዐይነቱ ሕመም የተነገረ ይመስላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2022 በመላው ዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ነቀርሳ እንዳለባቸው ታውቋል ፤ በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ የሞቱት ደግሞ 670,000 ናቸው። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን ነው። ይህን ያህል ሕይወት የሚጠፋው በሽታው መድኃኒት የሌለው ስለ ሆነ አይደለም። የጡት ነቀርሳ በጊዜ ከተደረሰበት ከሚድኑት የነቀርሳ ዐይነቶች አንዱ ነው። በጊዜ ካልተደረሰበት ግን ከጡት ተነሥቶ ወደ አጥንት ፤ ወደ ሳንባ ፤ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ይዛመታል ፤ ያን ጊዜ የሐኪሙ ተግባር ከማዳን ይልቅ ሕመሙን ማስታገሥና ዕድሜን ማራዘም ይሆናል። ስለዚህ የጉዳዩ ቍልፍ ጊዜ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ሕመም ሳይሰማ ፤ እብጠቱ በእጅ ሳይዳሰስ ፤ ነቀርሳው ገና የምስር ፍሬ ያህል ሳለ በምን ሊታወቅ ይችላል? ለዚህ ጥያቄ ሳይንስ የሰጠው ዋናው መልስ ማሞግራም የተባለው የጡት ራጅ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ይህን ራጅ በማንበብ ረገድ ሐኪሞችን የሚረዳ አዲስ መሣሪያ ተገኝቷል። ስሙም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል። ይህ መሣሪያ ምን እንደ ሆነ ፤ እንዴት እንደሚሠራ ፤ ምን ያህል እንደሚታመንና በምን ረገድ ጥንቃቄ እንደሚያሻው በየተራ እንመለከታለን።

የማሞግራም ታሪክ ባጭሩ

ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን የራጅን ጨረር ያገኘው በ1895 ነው። ከዚያ በኋላ በ1913 አልበርት ሳሎሞን የተባለ በበርሊን የሚሠራ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ከታማሚዎች ተቈርጠው የወጡ 3,000 ያህል ጡቶችን በራጅ እያነሣ ከመረመረ በኋላ ፤ ነቀርሳ በራጅ ሥዕል ላይ የራሱ የሆነ መልክ እንዳለው አሳየ። ነገር ግን ይህ ዕውቀት ለሕዝብ ጥቅም እስኪውል ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ።

በ1963 በኒው ዮርክ ከተማ አንድ ትልቅ ፈተና ተጀመረ። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 64 የሆነ 62,000 ያህል ሴቶች ለሁለት ተከፍለው ፤ ግማሾቹ በየዓመቱ ራጅና የሐኪም ምርመራ እንዲደረግላቸው ተጋበዙ ፤ ግማሾቹ ግን እንደ ቀድሞው የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ከዓመታት በኋላ ሲቈጠር ወደ ምርመራ በተጋበዙት ዘንድ በጡት ነቀርሳ የሞቱት ካልተጋበዙት ይልቅ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ከዚህም ቀጥሎ በ1977 በስዊድን አገር በሁለት አውራጃዎች ተመሳሳይ ፈተና ተጀምሮ ፤ ውጤቱ በ1985 ሲታተም ወደ ማሞግራም ምርመራ በተጋበዙት ሴቶች ዘንድ በዚህ በሽታ የሚሞቱት ቍጥር ከመቶ 31 ያህል መቀነሱ ታወቀ። በዚህ ምክንያት ብዙ አገሮች ጤነኛ የሚመስሉትን ሴቶች ሳይቀር በተወሰነ ጊዜ እየጠሩ መመርመር ጀመሩ። ይህም ቅድመ ምርመራ ይባላል። በዛሬይቱ ስዊድን ዕድሜዋ ከ40 እስከ 74 የሆነ ነዋሪ ሴት ሁሉ ለዚህ ምርመራ በደብዳቤ ትጠራለች ፤ ከ2016 ወዲህም ምርመራው ያለ ክፍያ ይሰጣል። በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት እናቶችና እኅቶች ይህ የጥሪ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ደብዳቤውን እንደ ማናቸውም የመሥሪያ ቤት ወረቀት አጥፎ ማስቀመጥ ግን ራስን መበደል ነው።

ማሞግራምን ማንበብ ለምን ያስቸግራል?

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ጡት በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ለጥቂት ሰኮንድ ተጫን ይደረግና በጥቂት ጨረር ሥዕሉ ይነሣል። ከእያንዳንዱ ጡት አንድ ከላይ ወደ ታች ፤ አንድ ደግሞ በአግድም ዘንበል ተብሎ ፤ በጠቅላላው አራት ሥዕል ይወሰዳል። ችግሩ የሚመጣው ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ ነው። በራጅ ላይ የጡት ስብ ጥቍር መስሎ ሲታይ ፤ ወተት የሚያመነጨውና ደጋፊው ሥጋ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነቀርሳም ነጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ጡታቸው ጥቅጥቅ ባለ ሥጋ የተሞላ ሴቶች ዘንድ ነቀርሳን መፈለግ በደጋ ጭጋግ ውስጥ ነጭ በግ እንደ መፈለግ ነው። ይህ ሁኔታ በተለይ በወጣቶች ላይ ይበዛል።

ሁለተኛው ችግር የቍጥር ነው። ለቅድመ ምርመራ ከሚቀርቡ 1,000 ሴቶች መካከል ነቀርሳ የሚገኝባቸው አምስት ወይም ስድስት ቢሆኑ ነው። እንግዲህ የራጅ ሐኪሙ ከማለዳ እስከ ማታ በመቶ የሚቈጠሩ ጤነኛ ሥዕሎችን እየተመለከተ ፤ በመካከላቸው የተሸሸገችውን አንዲት ነጥብ ሳያመልጠው እንዲይዝ ይጠበቅበታል። በመሥሪያ ቤታችሁ የሒሳብ መዝገብ የምትመረምሩ አንባብያን ይህን ድካም በሚገባ ታውቁታላችሁ። ሺህ ትክክለኛ ደረሰኝ ካገላበጡ በኋላ ሺህ አንደኛው የተሳሳተ ቢሆን ዐይን ለምዶት ሊያልፈው ይችላል።

ለዚህ ጕድለት በብዙ የአውሮፓ አገሮች የተገኘው መፍትሔ ከገንዘብ ቤት ደንብ ጋር ይመሳሰላል። የወጪ ማዘዣ ሁለት ሹማምንት ሳይፈርሙበት ገንዘብ እንደማይከፈል ሁሉ ፤ አንድ ማሞግራም ሁለት የራጅ ሐኪሞች ለየብቻቸው ሳያነቡት አይታለፍም። ሁለቱ ካልተስማሙ በጉባኤ ተነጋግረው ይወስናሉ። «ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደሚባለው ደንቡ መልካም ነው። ነገር ግን የራጅ ሐኪሞች ቍጥር ጥቂት ፤ የሚነበበው ሥዕል ብዙ በመሆኑ ሁለት እጥፍ የሰው ጕልበት ይጠይቃል። ይህም ሁሉ ተደርጎ አንዳንድ ነቀርሳ ያመልጣል። አንዲት ሴት ተመርምራ «ደኅና ነሽ» ከተባለች በኋላ ፤ የሚቀጥለው ምርመራ ሳይደርስ እብጠት ይወጣባታል። ሐኪሞች ይህን ዐይነት በሁለት ምርመራ መካከል ብቅ የሚል ነቀርሳ ለብቻው ይቈጥሩታል ፤ ብዙ ጊዜ ፈጥኖ የሚያድግና ጠንከር ያለ ስለ ሆነ ነው። የአንድ ምርመራ ደግነት ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ዐይነቱ ነቀርሳ ማነሱ ነው።

የፊተኛው ሙከራና የሰጠው ትምህርት

ኮምፒዩተር ለዚህ ሥራ እንዲረዳ መሞከር አዲስ ነገር አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ በማሞግራም ላይ የሚያጠራጥረውን ቦታ ምልክት እያደረገ የሚያሳይ መሣሪያ በ1998 በመንግሥት ተፈቅዶ በብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ ገባ። መሣሪያው የሚሠራው ሰዎች አስቀድመው በጻፉለት ሕግ ነበር። «እንዲህ ያለ ቅርጽ ፤ እንዲህ ያለ ነጭ ነጥብ ካየህ ምልክት አድርግ» ተብሎ የተነገረውን ብቻ ይፈጽማል። በመሆኑም ምልክቱን በየቦታው ያበዛው ነበር።

በ2007 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በ43 የምርመራ ጣቢያዎች የተነሡ ከ429,000 የሚበልጡ ማሞግራሞችን መርምሮ አሳዛኝ ውጤት አቀረበ። መሣሪያው በገባባቸው ጣቢያዎች ጤነኞችን ጤነኛ ናችሁ ብሎ በትክክል የማሰናበቱ ችሎታ ቀነሰ ፤ በመርፌ ሥጋ እየተወሰደላቸው የሚመረመሩት ሴቶች ቍጥር በመቶ 20 ያህል ጨመረ ፤ የተገኘው ነቀርሳ ግን በሚያጠግብ ሁኔታ አልጨመረም። ከዚህ የምንማረው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ መሣሪያ አዲስ ስለ ሆነ ወይም ብዙ ገንዘብ ስለ ወጣበት ብቻ ጠቃሚ ነው ሊባል አይችልም። በሰው ላይ በተግባር ተፈትኖ ፤ ካለ መሣሪያው ከሚደረገው ሥራ ጋር ተመዛዝኖ መታየት አለበት።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዴት ይማራል?

አዲሱ መሣሪያ ከፊተኛው የሚለየው በአማማሩ ነው። ሕግ አይጻፍለትም ፤ ምሳሌ ይቀርብለታል። መጨረሻቸው ምን እንደ ሆነ የታወቀ እጅግ ብዙ ማሞግራሞች ተሰብስበው «ይህች ሴት ነቀርሳ ተገኝቶባታል ፤ ይህች ግን ከዓመታት በኋላም ጤነኛ ነበረች» እየተባለ ለኮምፒዩተሩ ይሰጠዋል። ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ እንዲያው በግምት ይመልሳል። በተሳሳተ ቍጥር በውስጡ ያሉት እጅግ ብዙ የሒሳብ ሚዛኖች በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ይህ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ነቀርሳን ከጤነኛ ሥጋ የሚለየውን መልክ ራሱ እየለየ ይሄዳል። አንድ የእህል ነጋዴ ብዙ ዘመን ጤፍ ሲገዛና ሲሸጥ ኖሮ እፍኝ ዘግኖ እንዳየ ሠርገኛውን ከማኛው እንደሚለይ ሁሉ ማለት ነው። ልዩነቱ ፤ ነጋዴው የሚገዛውን ያውቃል ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሴት ምን እንደ ሆነች ፤ ሕመም ምን እንደ ሆነ አያውቅም። የሚያውቀው የነጭና የጥቍር ነጥቦችን አሰላለፍ ብቻ ነው። ስሙ አስተውሎት ቢባልም ይህን መርሳት አይገባም።

በ2020 ኔቸር በተባለው የታወቀ የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት ፤ እንዲህ ዐይነቱ መሣሪያ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የተሰበሰቡ የቆዩ ማሞግራሞችን አንብቦ ፤ በጊዜው ሐኪሞች ከሰጡት ፍርድ ጋር ሲመዛዘን ያመለጡት ነቀርሳዎችም ሆኑ ያለ በሽታ የተነሡት ሥጋቶች አንሰው መገኘታቸውን ገለጸ። ዓለም በዚህ እጅግ ተደነቀ። ሆኖም ይህ መልሱ በታወቀ ጥያቄ መፈተን ነበር። እውነተኛው ፈተና ገና ሕመሟ ያልታወቀ ፤ ዛሬ ለምርመራ የቀረበች ሴት ላይ የሚሆነው ነው።

የስዊድኑ ፈተና

ይህን ፈተና በአስተማማኝ መንገድ ያካሄዱት በደቡብ ስዊድን የሚገኙ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ናቸው። ሥራውን የመሩት የራጅ ሐኪሟ ዶክተር ክሪስቲና ሎንግ ናቸው። ማሳይ የሚል ስም የተሰጠው ይህ ፈተና ከኤፕሪል 2021 እስከ ዲሴምበር 2022 ድረስ ከ105,000 የሚበልጡ ሴቶችን አሳትፏል። ሴቶቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ወገን ሥዕል እንደ ተለመደው በሁለት የራጅ ሐኪሞች ተነበበ። የሁለተኛው ወገን ግን አስቀድሞ ወደ ኮምፒዩተሩ ቀረበ። ኮምፒዩተሩም ለእያንዳንዷ ሴት ከ1 እስከ 10 የሚደርስ የሥጋት ቍጥር ሰጠ። ከ1 እስከ 9 ያገኙት በአንድ ሐኪም ብቻ ተነበቡ ፤ 10 ያገኙት ግን በሁለት ሐኪም ተነበቡ ፤ ኮምፒዩተሩም የሚያጠራጥረውን ቦታ በምልክት አመለከተ። ልብ በሉ ፤ ያለ ሐኪም ዐይን የታለፈ አንድም ሥዕል የለም። የመጨረሻውንም ውሳኔ የሰጡት ሐኪሞች ናቸው።

የመጀመሪያው ውጤት በኦገስት 2023 ሲታተም ከ80,000 ሴቶች የተገኘውን ቍጥር ይዞ ነበር። በኮምፒዩተር በታገዘው ወገን ከ1,000 ሴቶች 6.1 ላይ ነቀርሳ ሲገኝ ፤ በተለመደው አሠራር ግን 5.1 ላይ ብቻ ተገኘ። በሽታ ሳይኖርባቸው ለተጨማሪ ምርመራ ተጠርተው የደነገጡት ሴቶች ግን በሁለቱም ወገን ከመቶ 1.5 ነበሩ ፤ ይህም ማለት ትርፉ የተገኘው ጤነኞችን በከንቱ በማስጨነቅ አይደለም። ከዚህም ሌላ የሐኪሞች ንባብ ከ83,231 ወደ 46,345 ወረደ ፤ ይህም በመቶ 44 ያህል ቅናሽ ነው። የተረፈው ጊዜ ሐኪሙ ከታማሚዋ ጋር ተቀምጦ ለመነጋገር ፤ ለመመርመርና ለማከም ይውላል። በ2025 መጀመሪያ የመላው ተሳታፊዎች ቍጥር ሲታወቅ ፤ በታገዘው ወገን 338 ፤ በተለመደው ወገን 262 ነቀርሳ ተገኝቶ ልዩነቱ በመቶ 29 ደረሰ።

ከላይ እንደ ገለጽነው ግን ብዙ ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ያመለጠው ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ሴቶቹን ሁለት ዓመት መከታተል አስፈለገ። መልሱ በ2026 መጀመሪያ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በሁለት ምርመራ መካከል ብቅ ያለው ነቀርሳ በተለመደው ወገን ከ1,000 ሴቶች 1.76 ሲሆን ፤ በታገዘው ወገን 1.55 ሆኖ ተገኘ። ቍጥሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል ፤ የሊቃውንቱም የጥንቃቄ አነጋገር አዲሱ አሠራር ከቀድሞው አያንስም የሚል ነው። ነገር ግን በግማሽ ያህል የቀነሰ የንባብ ድካም ከቀድሞው የማያንስ ጥበቃ ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር መሆኑን አስተዋይ ሁሉ ይረዳዋል።

በጀርመን አገርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ12 የምርመራ ጣቢያዎች 463,094 ሴቶችን የተመለከተ ጥናት በጃንዋሪ 2025 ታትሞ ፤ መሣሪያው ባገዛቸው ሐኪሞች እጅ ከ1,000 ሴቶች 6.7 ፤ ባላገዛቸው እጅ 5.7 ነቀርሳ መገኘቱን አሳይቷል። ይህኛው በዕጣ የተከፈለ አልነበረም ፤ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ የተደረገ ክትትል ነው። ቢሆንም ከስዊድኑ ጋር መስማማቱ ለሁለቱም ብርታት ይሰጣቸዋል።

ጥንቃቄ የሚያሻባቸው ነገሮች

አንባብያን ሆይ ፤ የአንድ ነገር ጥቅም ሲነገር ጕዳቱን መሸሸግ ለማንም አይበጅም። ስለዚህ አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ ፤ ሰው መሣሪያን ከመጠን በላይ የማመን ጠባይ አለው። በ2023 በጀርመን ሊቃውንት በታተመ ጥናት 27 የራጅ ሐኪሞች 50 ማሞግራሞችን ከኮምፒዩተር ምክር ጋር እንዲያነቡ ተደረገ። በአንዳንዶቹ ላይ የተሰጠው ምክር ሆን ተብሎ ስሕተት እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ምክሩ ትክክል በነበረበት ጊዜ ጀማሪዎቹ ከመቶ 80 ያህሉን በትክክል ሲፈርዱ ፤ ምክሩ ስሕተት በሆነበት ጊዜ ግን ከመቶ 20 ያህሉን ብቻ በትክክል ፈረዱ። ብዙ ዘመን ያገለገሉት ሐኪሞች እንኳ ከ82 ወደ 46 ገደማ ወረዱ። አለቃው ስለ ፈረመበት ሳያነብ የሚፈርም ጸሐፊ በመሥሪያ ቤት ምን ጕዳት እንደሚያመጣ የምታውቁ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋችሁም። መሣሪያው ረዳት እንጂ አለቃ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ ፤ የተገኘ ነቀርሳ ሁሉ ገዳይ አይደለም። አንዳንዱ ከተነሣበት ቱቦ ሳይወጣ ብዙ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል ፤ ከነጭራሹም ሳይጐዳ ሊቀር ይችላል። በስዊድኑ ፈተና የመጀመሪያ ውጤት ላይ ወደ አካባቢው ሥጋ ዘልቆ የገባው ነቀርሳ በታገዘው ወገን 184 ፤ በተለመደው 165 ሲሆን ፤ ከቦታው ያልወጣው ደግሞ 60 እና 38 ነበር። እንግዲህ ከትርፉ እኩሌታ የሚበልጠው የኋለኛው ዐይነት ነው ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል የትኛው ቢተው እንደሚያድግ ፤ የትኛው እንደማያድግ ለይቶ ማወቅ ለሕክምና ገና አስቸጋሪ ጥያቄ ነው። ያለ አስፈላጊነት የተደረገ ቀዶ ሕክምናም ጕዳት ነው።

ሦስተኛ ፤ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ያስተማሩትን ብቻ ነው። የተማረው በአብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ ሴቶች ሥዕል ከሆነ ፤ በሌላ አገር ሴቶች ላይ ያው ችሎታ ይኖረዋል ብሎ አስቀድሞ ማመን አይቻልም። ከዚህም በላይ አንዱ የራጅ መሣሪያ ከሌላው ስለሚለይ ፤ ኮምፒዩተሩ በሚሠራበት አገር ፤ በዚያው አገር ሴቶች ላይና በዚያው አገር መሣሪያ መፈተን አለበት።

አራተኛ ፤ ስሕተት ቢፈጠር ተጠያቂው ማን ነው የሚለው በሕግ መወሰን አለበት። መሣሪያ አይከሰስም ፤ ይቅርታም አይጠይቅም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውሳኔ በስተጀርባ ስሙ የሚታወቅ ሐኪም መኖር ይገባዋል። የሴቶቹም ሥዕል በምስጢር መጠበቅ አለበት።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል?

በአገራችን በዋና ከተማው በ2011 የተጀመረው የነቀርሳ ምዝገባ የጡት ነቀርሳ በሴቶች ላይ ከሚገኙት የነቀርሳ ዐይነቶች ሁሉ ቀዳሚው መሆኑን አሳይቷል። የሚይዛቸውም ሴቶች ከአውሮፓውያት ይልቅ በዕድሜ ልጅ የሆኑ ናቸው ፤ አብዛኞቹም ወደ ሐኪም የሚቀርቡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። በስዊድን እንዳለው ሁሉንም ሴት በደብዳቤ የሚጠራ አገር አቀፍ የማሞግራም ምርመራ የለንም። ስለዚህ አንባቢ ኮምፒዩተሩ ነገ መጥቶ ችግራችንን ሁሉ ያቃልልናል ብሎ ቢጠብቅ ይሳሳታል። ይህ መሣሪያ የሚረዳው የራጅ መሣሪያ ፤ ባለሙያ ፤ ከምርመራ በኋላም ቀዶ ሕክምናና መድኃኒት ባለበት ቦታ ነው። ነቀርሳን አግኝቶ ማከሚያ ማጣት ለታማሚዋ ኀዘንን ማርዘም ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ተገንዝቦ ለአገሮች ሁሉ ሦስት ግብ አቅርቧል። ከሚገኙት ዘልቀው የገቡ የጡት ነቀርሳዎች ከመቶ 60 የሚበልጡት በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ደረጃ ላይ ሳሉ እንዲታወቁ ፤ ምልክት ያየች ሴት ወደ ጤና ተቋም ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ የምርመራዋ ውጤት እንዲረጋገጥ ፤ ከታማሚዎቹም ከመቶ 80 የሚበልጡት ሕክምናቸውን እንዲፈጽሙ የሚል ነው። ከእነዚህ ሦስቱ የመጀመሪያው ያለ ኮምፒዩተርም በዕውቀትና በቅን ፈቃድ ብዙ ሊራመድ የሚችል ነው።

ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት ምልክቶቹን ማወቅ ይገባታል። እነርሱም ፤ በጡት ውስጥ ወይም በብብት ሥር የሚዳሰስ እብጠት ፤ የጡት ቆዳ መሰርጐድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን ፤ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም መቍሰል ፤ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ፤ የጡት ቅርጽ ያለ ምክንያት መለወጥ ናቸው። እብጠቱ ሕመም የለውም ብሎ መናቅ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ነቀርሳ ብዙውን ጊዜ አያምምምና። እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል ፤ አብዛኛው እብጠት ጕዳት የሌለው ነው። ይህን የሚለየው ግን ሐኪም ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም። በሽታው በጥቂቱም ቢሆን በወንዶች ላይ ሊደርስ ስለሚችል ወንዶችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። ጠበል የምትጠመቅም ሴት ብትሆን ሐኪም ከመጠየቅ የሚያግዳት ነገር የለም ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

በየመሥሪያ ቤቱ አለቃ የሆናችሁም ፤ አንዲት ሠራተኛ ለምርመራ ፈቃድ ስትጠይቅ ምክንያቱን በሰው ፊት አታስዘርዝሯት ፤ ቀጠሮዋንም በሥራ ብዛት አታስተላልፉባት። ባሎችም ሚስታችሁ «አንድ ነገር ዳሰስሁ» ስትላችሁ «ይጠፋል ፤ ተዪው» አትበሏት ፤ ከእርሷ ጋር ተነሥታችሁ ሂዱ። ከውጭ አገር የምርመራ ጥሪ የሚደርሳቸው ዘመዶች ያሏችሁ ደግሞ በስልክ ስትነጋገሩ «ተመርምረሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሊቃውንት ኮምፒዩተርን አስተምረው የሐኪምን ዐይን እንዲያግዝ ማድረጋቸው የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ዳሩ ግን የተሻለው ኮምፒዩተር እንኳ ሊያነብ የሚችለው ለምርመራ የቀረበችውን ሴት ሥዕል ብቻ ነው። በፍርሃት ወይም በሐፍረት በቤቷ የቀረችውን አያያትም። እርሷን ወደ ሐኪም ደጅ ማድረስ የሁላችንም ተግባር ነው።